ደንበኛው ከፍሎ ሲስተሙ «ጊዜው አልፏል» ሲል ምን ላድርግ?

እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ጂም ውስጥ ሪሴፕሽን ነኝ፣ የአባላቱን አካውንት የምይዘው እኔ ነኝ። የከፈለ ሰው በር ላይ ሲቆም ማየት በጣም ነው የሚከብደኝ።

አንድ ጊዜ ከጥምቀት በኋላ አንድ ጋሼ መጡ፣ የአሻራ ማሽኑ ቀይ እያበራ አላስገባም አላቸው። ስልካቸውን አውጥተው የቴሌብሩን ሜሴጅ አሳዩኝ፣ ብሩም ቀኑም ቁጥሩም አለ፣ «ልጄ የሦስት ወር ከፍያለሁ እኮ» አሉኝ። ይግቡ ጋሼ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ ብዬ አስገባኋቸው። እናንተም መጀመሪያ ሰውየውን አስገቡት፣ ከዛ ፈልጉ።

ስታተሱን ግን በእጃችሁ «አክቲቭ» ብላችሁ አትቀይሩት! ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ስታተሱን የሚያወጡት ከቀኑ ስለሆነ ነገ ጠዋት ተመልሶ ይዘጋዋል፣ ሰውየው ደግሞ ሁለተኛ ያፍራል።

የጋሼን ሳየው ክፍያው ገብቷል፣ ቀኑ ግን 9/5/2017 ነው የሚለው። ተረኛዋ ጥር 9 ለማለት በኛ አቆጣጠር ጻፈችው፣ ሲስተሙ ደግሞ በፈረንጅ አንብቦ ሜይ 2017 አደረገው፣ በቃ ካለፈ ስንት ዓመቱ። 17/1/2025 ብዬ ሳስተካክለው ወዲያው ተከፈተ፣ እስከ ኤፕሪል 17 ማለትም ሚያዝያ 9 ድረስ።

ቀኑ ልክ ከሆነ ሁለት አካውንት እንዳለው እዩ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለኛ አንድ ሰው ነው ለሲስተሙ ግን ሦስት፣ ስለዚህ በስም ሳይሆን በስልኩ መጨረሻ ስምንት ቁጥር ፈልጉት ምክንያቱም አንዱ በ09 ሌላው በ+251 ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ክፍያው አንዱ ጋ አሻራው ሌላው ጋ ከሆነ ወደ አንድ አምጡና ከዛ በኋላ ነው ትርፉን የምትዘጉት።

ክፍያው ጭራሽ ከሌለ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል። ስክሪንሾት ብቻ አይታችሁ አትመዝግቡ፣ የግብይት ቁጥሩን ከድርጅቱ ሂሳብ ጋር አመሳክሩና በዛው ቁጥር መዝግቡት፣ ዘግይቶ ሲመጣ ድርብ እንዳይሆን።

የአንድ ቀን ልዩነት ከሆነ ሰዓቱን እዩ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በስልኩ የከፈለ ሰው የትናንት ሆኖ ይመዘገባል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር ቀኑን ይረሳል፣ እሱንም ቼክ አድርጉ።

ጳጉሜ ላይ ደግሞ ሲስተሙ ሳይሳሳትም ጭቅጭቅ አለ። ነሐሴ 20 ቀን 2017 የአንድ ወር የከፈለ ሰው እስከ መስከረም 20 ነው የሚያስበው፣ ሲስተሙ ግን ከኦገስት 26 እስከ ሴፕቴምበር 26 ቆጥሮ መስከረም 16 ላይ ይዘጋዋል። እኔ አሁን ደረሰኙ ላይ የሚያልቅበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው የምሰጠው።