ከሆዱ ጀምሩ፦ ለወሎ ገደል የሚሆን ባዕድ አዳኝና የቀፎው አሠራር

ከሌላ ዓለም የመጣ አዳኝ ለልብ ወለድ ወይም ለኮሚክ የሚፈጥር ሰው ብዙውን ጊዜ ከጥርሱና ከጥፍሩ ይጀምራል። አንባቢ ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህ ሁሉ መንጋ ምን በልቶ ያድራል? ሌሊቱን በምን ይሞቃል? ተበታትኖ ማደን ሲችል ለምን በቀፎ ተሰበሰበ? መልሱን ያላዘጋጀ ጸሐፊ ፍጡሩን ባሳየ ቁጥር ያሳንሰዋል። ስለዚህ ሥራው ከሆድ ይጀምር።

ምሳሌያችን በአምባሰል ገደል ውስጥ፣ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ቀፎ የሠራ «ድርምስ» የሚባል ፍጡር ነው። ስለ ድርምስ የምንሰጣቸው ቁጥሮች የንድፍ ምርጫ ስለሆኑ እንደ ታሪካችሁ ለውጧቸው። ስለ ንብ፣ ስለ ምስጥ፣ ስለ ኮምፖስት የሚባለው ግን የምድራችን እውነት ነውና እሱን አትንኩ።

ክብደትና ቀለብ

መጀመሪያ የአንዱን ክብደት ወስኑ። 40 ኪሎ ጥሩ ነው፤ ሰው ለመጣል ይበቃል፣ በጠባብ ዋሻም ያሳልፋል። ክብደቱ ሲወሰን አጽሙም አብሮ ይወሰናል። የአንድ እንስሳ ቁመት፣ ወርድና ውፍረት እጥፍ ሲሆኑ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ያንን የሚሸከመው የእግሩ አጥንት ሲቆረጥ የሚታየው ገጽ ስፋት ግን የሚያድገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። እንደ ጉንዳን ቅርፊት ለብሶ 40 ኪሎ የሚመዝን ፍጡር ቅርፊቱን በሚቀይርበት ሰሞን ገና ባልጠነከረው ገላው ላይ ይወድቃል። ዛሬ በየብስ ከሚኖሩ ባለ ቅርፊት አንጓ እግሮች ትልቁ የኮኮናት ሸርጣን ሲሆን ክብደቱ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ የድርምስ አጥንት ውስጥ ይሁን። ቅርፊት ካማራችሁ እንደ ኤሊ ጀርባው ላይ ብቻ አልብሱት።

አሁን ስሌቱ። አንድ አጥቢ እንስሳ ተኝቶ የሚያቃጥለውን ኃይል ለመገመት ክብደቱን በኪሎ ወስዳችሁ 0.75 አርቢ ስጡት፣ ውጤቱን በ70 አባዙ፤ የቀኑ ኪሎ ካሎሪ ይወጣል። ለ40 ኪሎ 1,100 ገደማ ይሆናል። የሚያድን እንስሳ የዚህን ሦስት እጥፍ ስለሚፈልግ 3,300 በሉት። አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ 1,500 ገደማ ይሰጣል፤ እንግዲህ ለአንድ ድርምስ በቀን 2.2 ኪሎ ሥጋ ያስፈልጋል። በቀፎው 60 ጎልማሶች ካሉ 132 ኪሎ ነው። 25 ኪሎ የምትመዝን የደጋ በግ ሆድ ዕቃዋና ደሟ ሳይቀር ቢበላ 17 ኪሎ ገደማ ብትሰጥ፣ በቀን ስምንት በግ፣ በዓመት ወደ 2,800 በግ ማለት ነው። አንድ ቀበሌ በወራት ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ ታሪካችሁም እዚያው ያልቃል።

ይህን ውጤት በሌላ መንገድ ፈትሹት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የካርቦንና የጊትልማን ጥናት 10,000 ኪሎ ታዳኝ እንስሳ 90 ኪሎ ገደማ ሥጋ በል እንስሳ ሊያኖር እንደሚችል አሳይቷል። የእናንተ ቀፎ 2,400 ኪሎ ሥጋ በል ነው፤ በዚህ ልክ ከ10,000 በላይ በጎች በዙሪያው ሊኖሩለት ይገባል። ብዙ ደራሲዎች መቶዎችን በአንድ ዋሻ የሚያጭቁት ይህን ስላላሰሉ ነው።

መውጫው ድርምስን እንደ አዞና እንደ እንሽላሊት ሙቀቱን ከውጭ የሚወስድ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ በተመሳሳይ ክብደት ካለ አጥቢ አንድ አስረኛ ገደማ ብቻ ይበላል። 132 ኪሎው ወደ 13 ይወርዳል። ነገር ግን አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። አየሩ በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ 2,600 ሜትር ላይ ያለ ገደል ዝቅ ካለው የወሎ ቆቦ ሜዳ በ7 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በጥቅምት ውርጭ ሰውነቱ የቀዘቀዘ አዳኝ እንኳን በግ ሊያሳድድ ከዋሻው አይነሳም። የሙቀቱን ጉዳይ ያዙት፤ ቀፎው የሚወለደው ከዚህ ነው።

ለምን ቀፎ ሆነ?

ከሙቀቱ በፊት አንድ የኬሚስትሪ እንቅፋት አለ። ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች እንደ ግራና ቀኝ እጅ በመስታወት የተገለበጡ ሁለት ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በምድር ያለ ሕይወት ፕሮቲኑን የሚሠራው «ግራ» ተብለው ከሚጠሩት ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር «ቀኝ» ከሆኑት የተሠራ ከሆነ የበግ ሥጋ ሆዱን ይሞላል እንጂ ሰውነቱን አይገነባለትም። ብዙ ጽሑፎች ይህን ዘለው ያልፋሉ፤ እኛ ግን የመላው ንድፍ ማዕከል እናድርገው እንላለን። ባክቴሪያዎች አንዱን ዓይነት ወደ ሌላው የሚገለብጡ ኤንዛይሞች አሏቸው፤ የገዛ ግድግዳቸውን የሚገነቡት አላኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድ የተገለበጠ ዓይነት ጭምር ነው። ምስጦች ደግሞ በኩይሳቸው ውስጥ ፈንገስ ያርሳሉ፤ ራሳቸው የማይፈጩትን እንጨት ፈንገሱ ይፈጭላቸዋል። ሁለቱን አጋቡ። ድርምስ ያደነውን እዚያው አይበላም። ጎትቶ ወደ ቀፎው ያስገባል፣ በእርሻ ክፍሉ ውስጥ ይቀብረዋል፣ በሳምንታት ውስጥ የሚበቅለውን ነጭ ሻጋታ ይበላል። አዳኙ ሬሳ ለምን እንደሚወስድም፣ ለምን ብቻውን መኖር እንደማይችልም በአንዴ ተፈታ።

ሙቀቱም ከዚያው ይመጣል። ኮምፖስት የሠራ ገበሬ እንደሚያውቀው ክምሩ መሐሉ እስከ 60 ዲግሪ ይደርሳል። ግን ሥጋ ብቻውን ኮምፖስት አይሆንም። ናይትሮጅኑ ስለሚበዛ አየር ያጣል፣ አሞኒያ ይለቃል፣ ይበሰብስና እርሻውን ይገድላል። በአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ያስፈልጋል፤ የስንዴ ገለባ ብቻውን 80 ገደማ ስላለው የሥጋውን ትርፍ ያካክሳል። ስለዚህ ድርምስ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ጭድም ይሰርቃል።

በእርሻው ግማሹ ኃይል ይጠፋል እንበልና የቀኑን ቀለብ በእጥፍ አሳድጉ፦ 26 ኪሎ ሥጋና 25 ኪሎ ገደማ ጭድ። በዓመት 560 ያህል በግና 9 ቶን ጭድ ይሆናል። ከጭዱ ግማሹ ቢቃጠል ከሥጋው ትርፍ ጋር 3 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ሳያቋርጥ ይወጣል፤ ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥቂት ያነሰ። ለ60 ቀዝቃዛ አካላትና ለጫጩቶቻቸው ይበቃል። አዳኞቹ ከመውጣታቸው በፊት ሞቀው ይወጣሉ፣ 40 ኪሎ ሥጋም ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ሦስት ሰዓት ገደማ ይሮጣሉ። ይህም የአደን ክልላቸውን በ5 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይወስነዋል። ገጸ ባሕርያችሁ በካርታ ላይ የጠፉትን በጎች ምልክት ቢያደርጉ መሐሉን ማግኘት ይችላሉ።

የቀፎው ፕላን

የወሎ ደጋ በጥንት እሳተ ገሞራ የተነጠፈ የባዝልት ድርብርብ ነው። ጠንካራውን ባዝልት አታስቆፍሩት፤ በሁለት ንጣፎች መካከል የሚገኘውን ለስላሳ ቀይ አመድማ ድንጋይ ምረጡ። ጣሪያው ባዝልት፣ ወለሉ ባዝልት ይሆናል፤ ውሃም አይሰርግም። የላሊበላ ሕንጻዎች የተፈለፈሉትም ለመጥረብ ከሚመች እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ነው።

መግቢያው 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረውና ወደ ውስጥ ሽቅብ ይውጣ፤ ቁልቁል ከሆነ የክረምት ጎርፍ ይሞላዋል። ከመግቢያው አጠገብ የአዳኞች ክፍል፣ ቀጥሎ እርሻው። የእርሻው አልጋ 4 ሜትር በ2.5 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ይሁን። ከዚያ በላይ ከቆለላችሁት መሐሉ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እርጥበቱ ከ50 እስከ 60 በመቶ፤ በእጅ ሲጨመቅ ጠብ የሚል ውሃ ካለው በዝቷል። የጫጩቶቹ ክፍል ከእርሻው ጎን እንጂ ውስጥ አይደለም፣ ምክንያቱም 60 ዲግሪ ይቀቅላቸዋል። 30 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ግድግዳ በመሐል ተዉና ክፍሉ 31 ዲግሪ ላይ ይቆይ። ንቦች የእጫቸውን ክፍል ከ34 እስከ 36 ዲግሪ የሚጠብቁት የክንፍ ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ነው፤ ድርምስ በጡንቻው ፈንታ መተላለፊያውን በጭቃ እየደፈነና እየከፈተ ይጠብቃል። የዓይነ ምድር ጉድጓድ ለብቻው አያስፈልግም፣ ሁሉም ወደ እርሻው ይመለሳል።

አየሩን አትርሱ። 3 ኪሎዋት ሙቀት የሚያወጣ መበስበስ በዚያ ከፍታ፣ አየሩ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ በሆነበት፣ በሰከንድ 10 ሊትር ያህል ንጹሕ አየር ይፈልጋል። ሙቅ አየር ሽቅብ ስለሚስብ ከእርሻው ጣሪያ በባዝልቱ ስንጥቅ የሚወጣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ መተንፈሻ ይበቃል።

ቤተሰቡ

ንግሥቲቱን ንጉሥ አታድርጓት። በንብ ቀፎ እንቁላል ጣይዋ ትእዛዝ አትሰጥም፤ ሽታዋ የሠራተኞቹን እንቁላል ይገታል እንጂ ወዴት እንደሚበሩ አይነግራቸውም። ንግሥት የሆነችውም በምግቧ ነው። ድንገት ብትሞት ሠራተኞቹ ከሦስት ቀን ያልበለጠ እጭ መርጠው ሌላ ያሳድጋሉ። «እናቲቱን ግደሉ፣ ሁሉም ይወድቃል» የሚለው መጨረሻ ስለዚህ አይሠራም፤ ለድርምስም ምትክ የሚሆኑ ጫጩቶች ይኑሩት።

ቁጥሩን እንዲህ ክፈሉት፦ አንዲት እናት፣ 3 ወንዶች፣ 30 አዳኞች፣ 16 እርሻ ጠባቂዎች፣ 10 ሞግዚቶች። ሥራው በዕድሜ ይቀያየር፤ ወጣቱ ሞግዚት፣ መካከለኛው ገበሬ፣ አሮጌው አዳኝ። ንቦችም አደገኛውን የውጭ ሥራ ለመጨረሻ ዘመናቸው ያቆዩታል። አጥንት ያለው እንስሳ እንዲህ ሊኖር አይችልም የሚል አንባቢ ቢነሳ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ጸጉር አልባው ፍልፈል አንዲት እናት ብቻ የምትወልድበት መንደር አለው። በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮም አውራዋ ሴት ስትወልድ ሌሎቹ ግልገሏን ይመግባሉ።

እድገቱ ቀስ ይበል። አንድ ኪሎ ገላ ለመሥራት 5 ኪሎ ሥጋ ቢያስፈልግ፣ በእርሻው ኪሳራ 10 ይሆናል፤ አንድ ጎልማሳ 400 ኪሎ፣ ማለትም 23 ወይም 24 በግ ይፈጃል። በአንድ ሌሊት አድጎ የሚወጣ ጭራቅ ያንን ሥጋ ከየት አመጣው? 14 ወር ስጡት። እንቁላሉን ሰው ሆድ ውስጥ ለማስቀመጥ የምታስቡም ተዉት፤ በትል ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ተርቦች የትሏን የሰውነት መከላከያ የሚያዳክሙት ከእሷ ጋር ረጅም ዘመን አብረው ስለተለወጡ ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ ያንን ቁልፍ የለውም።

ዓመቱ በወሎ

የቀፎውን ዓመት ከገበሬው ዓመት ጋር አስኪዱ። ኅዳርና ታኅሣሥ አውድማው ጭድ ይሞላል፤ ስርቆቱ የሚበዛው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ምልክት የሞተ ሰው ሳይሆን የጎደለ የጭድ ክምር ይሁን። ባለቤቱ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፣ ነገሩ አባጋር በሚባለው የአገር ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፣ ሁለት ቤተሰብ ይኳረፋል፤ አውሬ ማንም አያስብም። በጥር ብርድ ማለዳ ደግሞ ከመተንፈሻው የሚወጣው እርጥብ አየር ይታያል። አንድ እረኛ ልጅ «አባዬ፣ ገደሉ ይተነፍሳል» ቢል አንባቢው ከመንደሩ ሰው ቀድሞ ይረዳል። በክረምት ጭዱ እርጥብ ነው፣ መንጋውም በረት ይውላል፤ ቀፎው ተርቦ ወደ ቤት የሚቀርበው በሐምሌና ነሐሴ ይሁን። ንብ እንደሚሰደደው ድርምስም በመስከረምና ጥቅምት ለሁለት ይከፈል። የሚወጣው ቡድን ግን ከእርሻው ዘር ይዞ መሄድ አለበት፤ ዘሩ በመንገድ ከደረቀ ሁሉም በረሃብ ያልቃሉ።

ጭስ የሚሞክር ንብ አናቢ በታሪኩ መኖሩ አይቀርም። ጭስ ንብን የሚያበርደው የማንቂያ ሽታቸውን ስለሚሸፍንና ማር ወደ መቅመስ ስለሚመራቸው ነው። ድርምስ በሽታ የሚጠራራ ከሆነ ጭሱ ያደናግረዋል፤ በድንጋይ ንዝረት ከሆነ ምንም አይሠራም። ይህን ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ወስኑ፣ መሐል ላይ አትቀይሩት።

ሰዎቹ መተንፈሻውን ካገኙና ከደፈኑት የሚሆነውን በቅደም ተከተል ጻፉ። 40 ሜትር ኩብ አየር ባለው ቀፎ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በሰዓት 2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በመጀመሪያው ሰዓት ሞግዚቶቹ ጫጩቶቹን ወደ መግቢያው ያወጣሉ። በሦስተኛው እርሻው መቀዝቀዝና መሽተት ይጀምራል። በአምስተኛው 10 በመቶ ይደርሳል፤ ሰው ቢሆን ራሱን ይስታል። ጸጉር አልባው ፍልፈል ያለ ምንም ኦክስጅን 18 ደቂቃ መቆየት ስለሚችል ድርምስን ከዚያ የበለጠ ብርቱ ማድረግ ትችላላችሁ። መግቢያው ክፍት ከሆነ ግን አየሩ በዚያ ስለሚገባ ይህ ሁሉ ይዘገያል፤ ሁለቱን ቀዳዳ በአንድ ጊዜ መድፈን አለባቸው፣ ለዚህም ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ በሙሉ ተጠርቶ በሁለት ቡድን መቆም ይኖርበታል፣ አንዱ ከገደሉ አናት፣ ሌላው ከሥሩ።