ኢፍዴፍ ስትጠቀሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢፍዴፍ በሲ ቋንቋ አንድ ስም (ማክሮ ይባላል) ከተገለጸ ብቻ ከሥሩ ያለው ኮድ ፕሮግራሙ ውስጥ እንዲገባ የሚያዝ መስመር ነው። ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ባልደረባዬ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ ሊኑክስ ላይ ግን የጻፍኩት ኮድ ጭራሽ የለም» አለኝ። ከፍቼ ሳየው የማክሮው ስም ላይ አንድ ፊደል ገድፏል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ማንም አልነገረውም። ይህን ስህተት ደግሞ በጣም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሲ ውስጥ ያልተገለጸ ማክሮ፣ የማክሮን ዋጋ በሚያየው በ«ኢፍ» መስመር ሲጠየቅ ዋጋው ዜሮ ነው። ኤረር የለም። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ኮዱን ዘሎ ያልፋል። ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ላይ «ደብልዩ-አንዴፍ» የሚባለውን ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ምርጫ) ካበራችሁ ያስጠነቅቃችኋል። በኢፍዴፍ ከጠየቃችሁ ግን እሱም አያድንም። ኢፍዴፍ የሚያየው ስሙ መኖሩን ብቻ ነው። ማክሮውን 0 አድርጋችሁ «አጠፋሁት» ብትሉም ለኢፍዴፍ አልጠፋም። እኔ ማክሮዎቼን ሁሉ 0 ወይም 1 ብዬ እገልጻለሁ፤ በ«ኢፍ» እጠይቃለሁ።

ሄደር ፋይል (ብዙ የሲ ፋይሎች የሚጋሩት ፋይል) ውስጥ ያለ ስትራክት (መረጃዎችን በተርታ የሚይዝ ቅርጽ) መሃሉን በኢፍዴፍ አትቁረጡ። እባካችሁ! ይህን ያደረግኩት እኔው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለክፍያ ማሽን ፕሮግራም እየጻፍን ነበር። የግብይቱ ስትራክት መለያ ቁጥር፣ ገንዘብ በሳንቲም እና ቀን ይይዛል፤ እያንዳንዱ 4 ባይት። እኔ ከመለያውና ከገንዘቡ መሃል ለዲበግ (ስህተት ለማደን) ብቻ የሚገባ ባለ 4 ባይት ቆጣሪ ጨመርኩ። ዋናው ፕሮግራም የዲበግ ፍላግ በርቶለት ኮምፓይል ተደረገ። ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ላይብረሪ (ለብቻው የተሠራ የኮድ ጥቅል) ግን ያለ ፍላጉ የተሠራ ነበር። ሊንከሩ ምንም ሳይል አገናኛቸው።

ለሙከራ የ350 ብር ዕቃ ሸጥን። ደረሰኙ 201,906.11 ብር ብሎ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ የሒሳቡን ኮድ ስንበረብር ከረምን። በሦስተኛው ቀን አብራኝ የምትሠራ ልጅ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችና «ኮማውንና ነጥቡን ትተህ አንብበው እስቲ» አለችኝ። 20190611። ቀኑ ነው! ላይብረሪው ቀኑን ከስትራክቱ መነሻ 8 ባይት አልፎ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ደግሞ ቆጣሪው 4 ባይት ስለገፋው ገንዘቡን እዚያው ቦታ ይፈልጋል። በዚያ ቀን የተሸጠ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አንድ ይሆን ነበር።

ለ4 ባይት ቁጠባ ይህ ሁሉ መዘዝ አያስፈልግም። ቆጣሪው ሁልጊዜ ስትራክቱ ውስጥ ይኑር። የግድ መለየት ካለበትም ፍላጉን ሁሉም ፋይል፣ ላይብረሪውም ጭምር፣ ከአንድ የኮንፊግ ሄደር ይውሰድ።

ፋንክሽን መሃል ኢፍዴፍ መበተንም ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ ከሌላው የማይያያዝ 10 ማክሮ ካላችሁ በእጃችሁ ያለው 1,024 ዓይነት ፕሮግራም ነው። ሁሉንም የሚሞክር የለም። የተዘለለውን ኮድ ኮምፓይለሩ ስለማያየው ሳይታወቅ ይበላሻል። የሊኑክስ ከርነል የአጻጻፍ ደንብ ሲ ፋይል ውስጥ ኢፍዴፍን በተቻለ መጠን አታስገቡ ይላል። ሥራው ሲጠፋ የሚተካውን ባዶ ፋንክሽን ሄደር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። ወይም «ኢዝ-ኢነብልድ» በሚለው ማክሮ ተራ «ኢፍ» ትጽፋላችሁ። ያኔ ኮምፓይለሩ ኮዱን አንብቦ፣ ስህተቱን ፈትሾ ነው የሚጥለው።

ኮድ የሚጠፋው በኢፍዴፍ ብቻ አይደለም። ቢልድን (የፕሮግራም ግንባታን) በሚያዘጋጀው በሲሜክ ላይ ፋይሎችን በ«ግሎብ» (ስማቸው የሚመሳሰለውን ሁሉ በሚያፍሰው ትዕዛዝ) አትሰብስቡ። ጓደኛችሁ አዲስ ፋይል ጨምሮ እናንተ ከጊት ስታወርዱት ቢልዱ አያውቀውም። ስማቸውን አንድ በአንድ ጻፉ።

በጎ ቋንቋ የምትጽፉ ደግሞ የፋይል ስም ላይ ተጠንቀቁ። ስሙ በ«_ሊኑክስ» ካለቀ ለሊኑክስ ብቻ ይመረጣል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ጃቫስክሪፕት የሚያመነጭ ኮድ ጽፎ የፋይሉን ስም በ«_ጄኤስ» የጨረሰ ሰው ግን ፋይሉ ከቢልዱ ይጠፋበታል። ጎ «ጄኤስ»ን እንደ አንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው የሚቆጥረው። «ዩኒክስ» ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከጎ 1.19 ጀምሮ እንደ ቢልድ ታግ (ፋይሉ መቼ ቢልዱ ውስጥ እንደሚገባ ፋይሉ ላይ የሚጻፍ ምልክት) ይሠራል፤ የፋይል ስም መጨረሻ ላይ ግን ምንም ትርጉም የለውም። የጻፋችሁት ፋይል ሲጠፋባችሁ ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት የ«ጎ ሊስት» ትዕዛዝ የተዘለሉ ፋይሎችን ዝርዝር እንዲያወጣላችሁ አድርጉ።