ስለ ጸጋ፣ ስለ እምነትና ስለ ሥራ ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደር ስለ መዳን የሚነሣ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቤት ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድምና እኅት፣ አንዱ በተዋሕዶ ጸንቶ ሌላዋ ወደ ወንጌላውያን አማኞች ሄዳ፣ በበዓል ቀን ሲገናኙ እርሷ የኤፌሶንን መልእክት፣ እርሱ የያዕቆብን መልእክት ይዘው ይቀርባሉ፤ ቡናው በረካ ሳይደርስም ተኮራርፈው ይነሣሉ። ጸሐፊው የተዋሕዶ ልጅ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሡት ስህተቶች ግን የአንድ ወገን ብቻ አይደሉም፤ አንዳንዶቹም ከየትኛውም ይልቅ በራሳችን ደጅ የሚታዩ ናቸው።

የሌሎቹ ሁሉ ሥር የሆነው የመጀመሪያው ስህተት «የሚያድነው ጸጋ ነው፣ እምነት ነው ወይስ ሥራ?» ብሎ ሦስቱን እንደ ተፎካካሪ ማቆም ነው። ሦስቱ ለአንድ ጥያቄ የቀረቡ ሦስት መልሶች አይደሉም። ጸጋ መዳን ከማን እንደ ሆነ፣ እምነት ሰው በምን እንደሚቀበለው፣ ሥራ ደግሞ የተቀበለው ሰው እንዴት እንደሚኖር ይናገራሉ። በኤፌሶን ምዕራፍ 2 ከቁጥር 8 እስከ 10 ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ተነግረዋል፤ ተከራካሪዎቹ ግን አንዱ «ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» ከሚለው ላይ ያቆማል፣ ሌላው ለመልካም ሥራ ስለ መፈጠራችን ከሚናገረው ቁጥር ይጀምራል። የተዋሕዶ ሥርዓት ራሱ ይህን ቅደም ተከተል ያሳያል። ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ በዚያ ዕድሜ የጾመም፣ የሰገደም፣ የመጸወተም የለም፤ እምነቱን እንኳ ስለ ሕፃኑ የሚመሰክርለት የክርስትና አባቱ ነው። እንግዲህ ተዋሕዶ ሰው በሥራው ልጅነትን ያገኛል ብላ ታስተምራለች የሚል ሰው ክርስትና ሲነሣ ቆሞ አላየም ማለት ነው። ልጁን ሃይማኖትና ምግባር የማስተማር አደራ በዚያው ቀን በክርስትና አባቱ ላይ መጣሉን የሚረሳ ደግሞ ግማሹን ብቻ አይቷል።

ሁለተኛው ስህተት ጳውሎስንና ያዕቆብን ማጣላት ነው። ጳውሎስ በተለይ በገላትያ መልእክቱ የሚከራከረው፣ ከአሕዛብ ወገን ያመኑ ሰዎች ካልተገረዙና የሙሴን ሕግ ካልጠበቁ አይድኑም ከሚሉት ጋር ነው። ያዕቆብ የሚገሥጻቸው ደግሞ እምነት አለን እያሉ፣ የወርቅ ቀለበት ላደረገው ሰው የክብር ስፍራ ሰጥተው ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኻ ከእግራቸው በታች የሚያስቀምጡትን፣ ራቁቱን ለሆነውና ለተራበው ወንድማቸውም ምንም ሳይሰጡ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡ» የሚሉትን ነው። የኋለኛውን ለመረዳት ከጎንደር መውጣት አያስፈልግም፤ አስቀድሶ ሲወጣ በደጀ ሰላሙ የተቀመጡትን የኔ ቢጤዎች «እግዜር ይስጥህ» እያለ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ የሚያልፍ ሰው ለያዕቆብ እንግዳ አይሆንበትም ነበር። ሁለቱ ሐዋርያት አንዱን አብርሃም በምስክርነት መጥራታቸውም ልብ ሊባል ይገባል። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 4 የሚጠቅሰው አብርሃም ገና ሳይገረዝ አምኖ ጽድቅ የተቈጠረለትን፣ በዘፍጥረት 15 ያለውን ታሪክ ነው። ያዕቆብ የሚያነሣው በዘፍጥረት 22 ይስሐቅን በመሠዊያው ላይ ያቀረበበትን ነው፤ ወዲያውም የዘፍጥረት 15ን ቃል ጠቅሶ በዚህ ሥራ ያ ቃል ተፈጸመ ይላል። በሁለቱ ምዕራፎች መካከል ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ያመነውም፣ ልጁን ያቀረበውም ያው ሰው ነው። ጳውሎስም ራሱ በገላትያ 5፥6 የሚጠቅመውን ሲናገር «በፍቅር የሚሠራ እምነት» ብሎታል፤ ያዕቆብ ከዚህ የሚቀይረው ነገር አይኖርም።

ሦስተኛው፣ ሥራን እንደ ዋጋ መክፈል ነው፤ ይህ በእኛ በኩል በብርቱ የሚታይ ነው። ልጄ ፈተና ካለፈ ጥላ አገባለሁ፣ ከበሽታዬ ከዳንሁ ምንጣፍ እሰጣለሁ እያሉ መሳል ምስጋናን አስቀድሞ መናገር ከሆነ መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከፈጣሪ ጋር የሚደረግ ውል ይመስላል። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን የጾመ ሰው ሒሳቡን ይዞ ሲቀርብም እንዲሁ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ፈሪሳዊው «በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እጦማለሁ» አለ፤ እኛም ረቡዕንና ዓርብን እንጾማለን፣ በቍጥር እኩል ነን። ጌታ ጾሙን አላወገዘም፤ የነቀፈው ጾሙን ቆጥሮ ከጎኑ የቆመውን ቀራጭ መናቁን ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ የሚሣለው የበላዔ ሰብእ ታሪክም በዚሁ መንገድ ተጣሞ ሲነገር ይሰማል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ውኃ ጥም ለጸናበት ሰው ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በሚዛኑም ውኃው አመዘነ። ይህን «በትንሽ ሥራ ብዙ ኃጢአት ይገዛል» ብሎ የሚተረጕም ሰው ሚዛኑን ሳያይ ያልፋል፤ ጥርኝ ውኃ በራሱ ሰባ ስምንት ነፍስ ሊመዝን ከቶ አይችልም፣ በታሪኩ ውስጥ የመዘነው ምሕረት ነው።

እምነትን በአንደበት ብቻ የሚነገር ዕውቀት አድርጎ መውሰድ አራተኛው ነው፤ በዚህ ላይ ያዕቆብ 2፥19 አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል ስለሚል ብዙ መጨመር አያሻም።

አምስተኛው ስህተት ይረቅቃል፤ የእግዚአብሔር ድርሻ ይህን ያህል፣ የሰው ድርሻ ይህን ያህል እያሉ ማካፈል ነው። ሰው ያለ ጸጋ ረዳትነት በገዛ ኃይሉ ሊጸድቅ ይችላል የሚለውን የጲላግዮስን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ418 በሰሜን አፍሪካ በካርታጎ የተሰበሰቡ ጳጳሳት አውግዘዋል፤ ይሁን እንጂ ግማሹን ለጸጋ፣ ግማሹን ለሰው የሚሰጥ አካፋይ እንኳ በራሱ ድርሻ ላይ ያንኑ ትምህርት ሳያውቀው ይደግማል። ፊልጵስዩስ 2፥12 የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ ይልና በቀጣዩ ቍጥር መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ይላል። የሰው ትጋት ጸጋው ካበቃበት ቦታ የሚጀምር አይደለም፤ ከራሱ ከጸጋው የሚመነጭ ነው።

ለጎንደር ሰው ብቻ የሚነገር አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ይግባ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በቤተ መንግሥቱ ጉባኤ ሳይቀር የተካሄደው የቅባትና የጸጋ ክርክር፣ እ.ኤ.አ. በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እልባት ያገኘው፣ ስለ ክርስቶስ መቀባትና ልደት እንጂ ስለ ሰው መዳን አልነበረም፤ «ጸጋ» የሚለውን ቃል ብቻ አይተው የዚያን ዘመን ሊቃውንት ለዛሬው ክርክር የሚጠሩ ሰዎች ያለ ቦታቸው ያቆሟቸዋል።

ሌላው ከተማችንን የሚመለከተው የጥምቀት በዓል ነው። ጥር 11 በፋሲል መዋኛ ውኃው ሲባረክ ከሚረጨውም ከሚዘልለውም መካከል ኃጢአቱ በዚያው የታጠበለት የሚመስለው አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን ግን በጸሎተ ሃይማኖት «ኃጢአትን ለማስተሥረይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» ትላለች፤ በዓሉ የጌታን መጠመቅ መዘከሪያና የበረከት ቀን ነው እንጂ ዳግመኛ ጥምቀት አይደለም። ከጥምቀት በኋላ ለወደቀ ሰው የተሰጠው መንገድ ንስሐና ቅዱስ ቍርባን ነው። ስለ ጸጋ የሚከራከሩ ብዙዎች ግን ከሕፃንነታቸው ወዲህ ሳይቈርቡ፣ «ሳረጅ እደርስበታለሁ» እያሉ ይኖራሉ፤ ጸጋው የሚሰጥበትን ማዕድ ትቶ ስለ ጸጋው መሟገት ለጸሐፊው ከሁሉም የባሰ ግራ የሚያጋባ ነው።

ለዚህ ማዘግየት ምክንያት የሚደረገው ፈያታዊ ዘየማን፣ ማለትም በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ድኗልና እኔም እደርሳለሁ የሚል ሰው፣ ወንበዴው ጌታን ያወቀው በሕይወቱ መጨረሻ መሆኑን እንጂ ካወቀው በኋላ አለማዘግየቱን አላነበበም። በሉቃስ 23 እንደ ተጻፈው ጓደኛውን ገሠጸ፣ ፍርዱ የተገባው መሆኑን አመነ፣ የክርስቶስን ንጽሕና መሰከረ፣ «አስበኝ» ብሎም ለመነ። እጁና እግሩ በተቸነከሩበት ሰዓት ይህን ሁሉ ያደረገን ሰው «ያለ ሥራ ዳነ» ማለትም፣ «በሥራው ዳነ» ማለትም አይመችም።

የቀረው፣ የሌላውን ትምህርት ከጠላቱ አፍ መማር ነው። «ፕሮቴስታንት እንደ ፈለግህ ኑር ይላል» ማለት ልክ «ኦርቶዶክስ ገነትን በጾም ይገዛል» እንደ ማለት ሐሰት ነው። ሉተራውያን መልካም ሥራ የእውነተኛ እምነት ፍሬ መሆኑን ያስተምራሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1547 በትሬንት ጉባኤ ሉተራውያንን ስትቃወም፣ ያለ ክርስቶስ ጸጋ በገዛ ሥራው ሰው ይጸድቃል የሚለውን ደግሞ አውግዛለች። ሁለቱ ወገኖች እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 በአውግስቡርግ ስለ መጽደቅ በጋራ የደረሱበትን መግለጫ ፈርመዋል፤ መካነ ኢየሱስ አባል የሆነችበት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንም ከፈራሚዎቹ አንዱ ነው። ተዋሕዶ በዚህ ስምምነት ውስጥ የለችበትም፤ ስለዚህ ከወንጌላዊት እኅቱ ጋር የሚነጋገር የተዋሕዶ ልጅ በቅድሚያ የሚጠይቃት እርሷ ራሷ የምታምነውን ቢሆን ይሻላል፤ እርሷም እንዲሁ።