በዳክስ ላይ የሚወድቁ የፋይል ሲስተም ፈተናዎችን ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሊነክስ ውስጥ ዳክስ የሚባለው የቀጥታ መዳረሻ ስልት ፔጅ ካሽን (ከርነሉ የፋይል ቅጂዎችን የሚያስቀምጥበትን የሜሞሪ ክፍል) ወደ ጎን ትቶ ፕሮግራሙ በቋሚ ሜሞሪ (ኃይል ቢቋረጥም መረጃን በሚይዝ ሜሞሪ) ላይ ያለውን ፋይል በቀጥታ እንዲያነብና እንዲጽፍ ያስችለዋል። በዚህ ስልት የሚሮጥ ፈተና ሲወድቅ ብዙ ጀማሪዎች በቀጥታ ወደ ፋይል ሲስተሙ ኮድ ይገባሉ፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፈተናው አዘገጃጀት ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ፋይል ሲስተሙን የሚጭነውን የማውንት ትእዛዝ አምኖ መቀመጥ ነው። መሣሪያው ዳክስን የማይደግፍ ከሆነ ኢኤክስቲ4 የተባለው ፋይል ሲስተም አልጫንም ብሎ ይመለሳል፤ ኤክስኤፍኤስ የተባለው ግን ዳክስን እንዳጠፋ በከርነሉ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ሥራውን ይቀጥላል። የብሎኩ መጠን ከከርነሉ ፔጅ መጠን ጋር በማይተካከልበት ጊዜም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ባልደረባችን በዳክስ ላይ የሚታየውን ችግር እንዳስተካከለ፣ ፈተናዎቹም ሁሉ እንዳለፉ ነገረን፤ መዝገቡን ስናይ ግን የቋሚ ሜሞሪው ክፍል ዳክስን በማይደግፈው የሴክተር ስልት የተዘጋጀ ስለነበር ከፈተናዎቹ አንዱም በዳክስ አልሮጠም። ከሊነክስ 5.8 ወዲህ ደግሞ «ሁልጊዜ»፣ «በፍጹም» እና «በየፋይሉ» የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ስላሉ ጉዳዩ ይበልጥ ረቂቅ ሆኗል፤ በፋይሉ ላይ የሚደረገው ምልክት ፍላጎትን ብቻ የሚገልጽ ሲሆን፣ ምልክቱ ቢቀየርም የፋይሉ አይኖድ (ስለ ፋይሉ መረጃ የሚይዘው መዋቅር) ከሜሞሪ ወጥቶ እንደገና እስኪጫን ድረስ የቀድሞው ሁኔታ ይቀጥላል። ስለዚህ ምልክቱን ሳይሆን ስታትኤክስ የተባለው የሲስተም ጥሪ የሚመልሰውን የዳክስ ባሕርይ ይመልከቱ፤ ፋይሉ በዚያች ሰዓት በምን ስልት እንደሚሠራ የሚናገረው እሱ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ሳንካ አለ ብሎ ማመልከት የሌሎችን ጊዜ ማባከን ነው።

ፋይል ሲስተሞች በሚፈተኑበት የኤክስኤፍኤስቴስትስ ስብስብ የማውንት አማራጮች ተለዋዋጭ የሚመለከተው ጊዜያዊውን መሣሪያ ብቻ ነው፤ ቋሚው የፈተና መሣሪያ የራሱ ተለዋዋጭ አለው፤ ስለዚህ የዳክስን ምርጫ በአንዱ ብቻ መስጠት ሁለቱን አይሸፍንም።

ፋይሎች የዲስክ ብሎኮችን እንዲጋሩ የሚያደርገውን ሪፍሊንክንም አይርሱ። ከኤክስኤፍኤስ መገልገያ ፕሮግራሞች ስብስብ ከኤክስኤፍኤስፕሮግስ 5.1 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ ኤክስኤፍኤስ ሪፍሊንክን በነባሪነት ይይዛል፤ የቀድሞዎቹ ከርነሎች ደግሞ ዳክስንና ሪፍሊንክን አብሮ መጫን አይቀበሉም። በእነዚያ ላይ የሚፈትን ሰው ፋይል ሲስተሙን ሲሠራ ሪፍሊንክን ማጥፋት አለበት።

ዳክስንና ፋይል ሲከፈት የሚሰጠውን የኦ-ዳይሬክት ምልክት አንድ አድርጎ ማየትም የተለመደ ነው። በኦ-ዳይሬክት ሲጻፍ አድራሻውና ርዝመቱ ከመሣሪያው ሴክተር ጋር ካልተስተካከለ ስህተት ይመለሳል፤ የዳክስ ፋይል ግን ምልክቱ ቢኖርም በዳክሱ መንገድ ስለሚሄድ ያልተስተካከለውን ጽሕፈት ይቀበላል። ስህተት ይጠብቅ የነበረ ፈተና በዚህ ቢወድቅ መታረም ያለበት የፈተናው ግምት ነው።

«አልሮጠም» የሚለውን ውጤት ከ«አለፈ» ጋር አይቁጠሩ፤ የመሣሪያ ብልሽትን እንደሚያስመስለው ፍሌኪ ያሉ የዲቫይስ ማፐር (የከርነሉ ምናባዊ መሣሪያ መፍጠሪያ) ዓይነቶች ዳክስን ስለማይደግፉ፣ ከድንገተኛ መቋረጥ በኋላ ማገገምን የሚፈትሹ ብዙ ፈተናዎች በዳክስ ላይ ይዘለላሉ።

በመጨረሻም የትላልቅ ፔጆች ፈተና በኤክስ86 ቤተሰብ ማሽኖች ላይ 2 ሜጋባይት የተስተካከለ ቦታ ይፈልጋል። የክፍልፋዩ መነሻ ወይም የፋይሉ ብሎኮች ከዚህ ልክ ውጭ ከሆኑ ከርነሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ 4 ኪሎባይት ፔጅ ይመለሳል። የከርነሉን እርምጃ የሚመዘግቡትን የዳክስ ትሬስ ነጥቦች ከፍተው ይህን መመለስ ካዩ፣ ኮዱን ከመንካትዎ በፊት የክፍልፋዩን መነሻ ይለኩ፤ ከዚያም ፋይል ሲስተሙን በ2 ሜጋባይት ስትራይፕ (ብሎኮች በሚደለደሉበት ልክ) እንደገና ይሥሩት።