መሪው መሃል ላይ ሲነክስ፦ የሞተር ሳይክል መሪ ኩሽኔታ ችግርና መፍትሄ

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ የፊት ፍሬን በነካህ ቁጥር መሪው ሥር «ቋ» ይላል። ሜዳ ላይ ደግሞ መሪው ቀጥ ሲል አንድ ነገር የያዘው ይመስል ይነክሳል፤ ገፋ ስታደርገው ዘሎ ይወጣል። ሁለቱ ምልክቶች ከተገናኙ የመሪው ኩሽኔታ፣ ማለትም በቀለበቶች መካከል በተደረደሩ ትንንሽ የብረት ኳሶች (ብዮች) መሪውን የሚያዞረው ዕቃ፣ አልቋል።

ለማረጋገጥ ከኢንጅኑ ሥር በክሪክ ወይም በግንድ ደግፈህ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ እንዳትደግፍ፣ ይጎብጣል። መሪውን በአንድ ጣት ቀስ ብለህ ከዳር እስከ ዳር አዙር። መሃል ላይ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ቅጭ ብሎ የሚያርፍ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያሻም። ቀጥሎ የሾኮቹን (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙትን ዘንጎች) የታች ጫፍ ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቅ፤ ላላ ካለ ኳኳታው መሪው ሥር ይሰማል። ጎማው ብቻ ወደ ጎን ከተወዛወዘ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ኋላው የሚዋኝ ከሆነ የኋላ ጎማውን የሚይዘው ፎርክ ቡሽ ይታይ። ቴላዮው (የሞተር ሳይክሉ ዋና የብረት አካል) በግጭት ከተጣመመ ኩሽኔታ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን ወደሚደጋገመው ጥፋት። መሪው ሲያንኳኳ ብዙ ሰው ኩሽኔታውን ከላይ የሚይዘውን ዳዶ ያጠብቅና ይሄዳል። ኳኳታው ለጊዜው ይጠፋል፤ ግን ብዮቹ ቀለበቱን ይበልጥ ይቦረቡሩታል። ሞተር ሳይክል አብዛኛውን ዕድሜውን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የኮብልስቶኑ ንዝረት ብዮቹን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይቀጠቅጣቸዋል፣ ግሪሱም ከሥራቸው ሸሽቶ ያልቃል። ክረምት ላይ ጭቃ የበላውን ሞተር ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ሲጨመርበት የታችኛው ቀለበት ውሃና ደለል ይጠጣል። ሲፈታ የሚወጣው ግሪስ ሳይሆን ቡና አተላ የመሰለ ዝገት ነው። ቀለበቱን ጠርገህ ጥፍርህን ብታስኬድበት ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ትቆጥራቸዋለህ።

«ብዮቹን ብቻ ቀይርልኝ» የሚል ደንበኛም አይጠፋም። አዲስ ብይ የድሮው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ መሪው በዚያው ቀን ይነክሳል፣ ስሙ የሚጠፋው ግን የመካኒኩ ነው። የሚቀየረው ሙሉው ነው፦ ቴላዮው ውስጥ የሚገቡት ሁለት ቀለበቶች፣ የላይኛውና የታችኛው ኮን (የመሪው ግንድ ላይ የሚገቡት የውስጥ ቀለበቶች)፣ ብዮቹ በሙሉ፣ የታችኛው የአቧራ መከላከያ ጎማም ጭምር። ስትገዛ በቀለበቱ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ሞረድ ሞክር። ሞረዱ ተንሸራቶ ካለፈ ደህና ብረት ነው፤ ነክሶ ብናኝ ካወጣ ለባለሱቁ መልስለት። እንዲህ ያለው ዕቃ ከተገጠመ አንድ ክረምት አይሻገርም።

ሲፈታ ጎማውን፣ ሾኮቹን፣ የፊት መብራቱንና የቆጣሪውን ሽቦ አውርድ። የፍሬን ቱቦው ዘይት ያለበት ከሆነ አትፍታው፤ መሪውን ከነፍሬኑ ወደ ኋላ በገመድ እሰረው፣ በቱቦው ግን እንዳይንጠለጠል። ሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፍ፤ ዳዶው ሲላላ የመሪውን ግንድ (ቴላዮው ውስጥ የሚያልፈውን ዘንግ) በእጅህ ደግፈህ ቀስ እያልክ አውርደው፣ ብዮቹ ይረግፋሉና። የላዩንና የታቹን ለየብቻ ቁጠር፤ እንደ ሞዴሉ ቁጥራቸውም መጠናቸውም ሊለያይ ይችላል። ባለ ጥርሱን ዳዶ በስካርፔሎ (በብረት መሮ) አትምታ፣ ጥርሱ ከተበላ በኋላ በትክክል ማጥበቅ የለም። ጥርሱን በመንጠቆው የሚይዘው ማንጠልጠያ ቁልፍ ከሌለህ ተዋስ።

የድሮዎቹን ቀለበቶች ከተቃራኒው አቅጣጫ ረጅም ፌሮ አስገብተህ፣ ዙሪያውን እያፈራረቅህ በመዶሻ አስወጣ። በአንድ ጎን ብቻ ከመታህ ይጣመምና ቴላዮውን ይፍቃል። አዲሱን ለማስገባት የድሮው ቀለበት ጥሩ መምቻ ነው፤ ጎኑን በሞረድ ትንሽ አሳንሰው፣ አለዚያ እሱም አብሮ ገብቶ ይቀራል። ቀለበቱ እስኪያርፍ የመዶሻው ድምፅ የታፈነ ነው፤ ሲያርፍ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ያኔ አቁም። ብዩ የሚሽከረከርበትን መንገድ በብረት አትንካ።

ግንዱ ላይ ያለውን ኮን ከማስገባትህ በፊት መከላከያ ጎማውን አስቀድም። ይህ ተረስቶ ስንቱ ሥራ እንደገና ተፈቷል! ኮኑን በውስጠኛ ጠርዙ ላይ በሚያርፍ የውሃ ቧንቧ ምታው። በእሳት አታግለው፣ ጥንካሬውን ያጣል።

ግሪስ አትሰስት፤ ብዮቹን ይዞ የሚያቆያቸውም እሱ ነው። ድሮ ከነበረው ቁጥር በላይ ብይ አታጭቅ፣ አሮጌና አዲስም አትቀላቅል።

ማስተካከሉ ላይ ነው ብዙ እጅ የሚሳሳተው። መጀመሪያ ባለ ጥርሱን ዳዶ ጠበቅ አድርገህ መሪውን አምስት ስድስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አዙረው፤ ቀለበቶቹ ይቀመጣሉ። ከዚያ አላላና ነቅነቁ እስኪጠፋ ብቻ መልሰህ አጥብቅ። ሾክና ጎማ ከገቡ በኋላ ፊቱ ተነስቶ መሪው ከመሃል ትንሽ ሲነካ በራሱ ክብደት ወደ ዳር መውደቅ አለበት። የላይኛው ትልቁ ዳዶ ሲጠብቅ የሥሩንም ስለሚጫነው እንደገና ለካ። ከመጠን በላይ የጠበቀ መሪ በዝግታ ስትሄድ እንደ ሰካራም ያንገዳግድሃል፣ አዲሱንም ኩሽኔታ ይበላዋል።

ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ነቅንቀህ እየው፤ አዲስ ቀለበት ሲቀመጥ ትንሽ ይላላል። ሲታጠብም ውሃው በግፊት መሪው ሥር አይተኮስ።