ፓክሌኒትሳ ላይ የገመዳችሁን ጫፍ ሳትቋጥሩ አትውጡ

ክሮኤሺያ ውስጥ፣ ቬሌቢት ተራራ ሥር ያለው የፓክሌኒትሳ ሸለቆ ከ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ገደሉ የኖራ ድንጋይ ነው። በየጸደዩ ዓለት ለመውጣት እሄዳለሁ፤ የጀማሪዎቹ ፊት ይለዋወጣል እንጂ ስህተቱ ያው ነው።

ከሁሉም ደሜን የሚያፈላው የገመድ ጫፍ አለመቋጠር ነው። 60 ሜትር ገመድ አናት ላይ ባለው ቀለበት አልፎ ስለሚመለስ ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው መስመር (የመውጫ መንገድ) ላይ ሰው ለማውረድ አይበቃም። ሲወጡ የተረፈ ይመስላል፤ ጉዱ የሚታየው ሲወርዱ ነው። የሚያወርደው ሰው ዓይኑ ጓደኛው ላይ ስለሆነ ጫፉ ገመዱን ከሚቆጣጠርበት መያዣ ሊሾልክ ሲል አያይም። «ኧረ መስመሩ አጭር ነው!» ይሉኛል። እኔም እንደዚሁ ብዬ ነበር። 32 ሜትር ላይ የወጣ ጓደኛዬን ሳወርድ ጫፉ ከእጄ ሾልኮ ሄደ። ለመሬት ሦስት ሜትር ያህል ቀርቶት ስለነበር በተረከዝ ስብራት ተረፈ። አሁንም አብረን እንወጣለን፤ ገመድ ስዘረጋ ግን ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ጫፉን ነው የሚያየው። ቋጠሮ በመያዣው አያልፍም፤ ለመቋጠርም አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ ምን ልበላችሁ!

ሄልሜት ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ራስ አያድንም።

ሸለቆው አፍ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ያሉትን «ቀላል» መስመሮች አትናቁ። ድንጋዩ ስንት ዓመት ሙሉ በጫማ ታሽቶ እንደ መስታወት ለስልሷል። ከባድ መስመር የለመደ ጎበዝ እዚያ ላይ እግሩ ሲንሸራተት፣ ሲያፍርም አይቻለሁ (ትንሽ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም)። ከባሕር ወለል በላይ 712 ሜትር ከፍታ ያለው አኒቻ ኩክ የሚባለው የዓለት ጫፍ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዝናብ ድንጋዩን እያሟሟ ቦይ ቦይ አድርጎታል፣ ጠርዙም እንደ ምላጭ ነው። ገመዳችሁ በየት በኩል እንደሚሳብ እያያችሁ ውጡ።

ቡራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ወደ ባሕሩ ሲወርድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ አየሁ ብሎ በቲሸርት የወጣ ሰው ግድግዳው መሃል ላይ ይንቀጠቀጣል። ጩኸትም አይሰማም፤ ስለዚህ ስንት ጊዜ ገመድ ብትስቡ ምን ማለት እንደሆነ መሬት ላይ ሳላችሁ ተስማሙ።

ፓርኩ ሳይፈቅድ ገመድ የሚያያዝበት አዲስ ብሎን ዓለቱ ላይ መምታት ክልክል ነው። ውሃም ከታች ያዙ፤ ይህ ድንጋይ ዝናቡን ወደ ውስጥ ይውጠዋልና ላይ ምንጭ እናገኛለን አትበሉ።

ቦርሳችሁን ከዓለት ሥር ከመሸጎጣችሁ በፊትም ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ እፉኝቱም ጥላውን ይወደዋል።