ባትሪ በጥንት ሞተር ሲሞላ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቅ ቮላኖ (ከዘንጉ ጋር የሚዞር ከባድ መንኮራኩር) ያላቸው የጥንት ሞተሮች ባትሪ ለመሙላት ዛሬም ይሆናሉ። ባለ 6 የፈረስ ጉልበቱ ሊስተር ሲኤስ የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 650 ዙር፣ ባለ 1.5 የፈረስ ጉልበቱ ሊስተር ዲ የቤንዚን ሞተር ደግሞ 700 ዙር ይዞራሉ። ዘይትና ውሃቸው ከተጠበቀ በዚህ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሞተሩና በባትሪው መካከል ያለው ነው፦ ፑሌጃው፣ ቺንጊያው፣ ዲናሞው፣ ገመዱ። ሞተሩ በተሠራበት ፍጥነት እንዲዞር ትተው ሌላውን ዕቃ ሁሉ ለእሱ ከመጠኑለት አብዛኛው ስህተት አስቀድሞ ይቀራል።

በጋራዥ ቋንቋ ሁለቱም «ዲናሞ» ይባላሉ። እዚህ ግን ዳዮድ ያለውን የመኪና ዕቃ አልተርኔተር፣ በካርቦንና በኮሙቴተር የሚሠራውን የቀድሞውን ብቻ ዲናሞ እንለዋለን።

አልሞላ ሲል የሞተሩን ፍጥነት መጨመር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የመኪና አልተርኔተር መሙላት የሚጀምረው የራሱ ዘንግ በደቂቃ ከ1,500 እስከ 2,000 ዙር ሲደርስ ነው፤ ደህና አድርጎ የሚሰጠውና በገዛ ማራገቢያው በቂ ነፋስ የሚያገኘው ወደ 4,000 ሲጠጋ ነው። ቀስ ብሎ በሚዞር ሞተር ላይ በትንሽ ፑሌጃ ከተነዳ ምንም አይወጣውም። ያን ጊዜ የገቨርነሩን (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ስፕሪንግ አጥብቆ ሞተሩን ከ650 ወደ 900 ዙር ማውጣት ያጓጓል። ፍጥነቱ የጨመረው 38 በመቶ ነው፤ ቮላኖውን ወደ ውጭ የሚገነጥለው ኃይል ግን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቮላኖው ደግሞ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው። ጊዛ ጎብጦ አያስጠነቅቅም፤ ከዘንጉ ጋር በሚያያዝበት ቦታ የቆየ ስንጥቅ ካለው በአንድ ጊዜ ይፈነዳል።

የሚቀየረው ፑሌጃው ነው። የሞተሩን ዙር በሚነዳው ፑሌጃ ዲያሜትር ያባዙና ለአልተርኔተሩ ፑሌጃ ዲያሜትር ያካፍሉ። 650 ዙር፣ 450 ሚሊ ሜትር የሞተር ፑሌጃ፣ 70 ሚሊ ሜትር የአልተርኔተር ፑሌጃ ቢሆን 650 × 450 ÷ 70 ወደ 4,180 ዙር ይሰጣል፤ ይህ ጥሩ ነው። ትልቅ ፑሌጃ ከጠፋ ቮላኖው ራሱ ያገለግላል፦ በመኪና ላይ የሚገኘው ባለ ብዙ መስመር ጠፍጣፋ ቺንጊያ በአልተርኔተሩ በኩል በጎድጎዳው፣ በቮላኖው በኩል በለስላሳው ገጽ ላይ ይይዛል።

በዚህ አሠራር የሚረሳው የዘንጎቹ ርቀት ነው። ትንሹና ትልቁ ፑሌጃ በጣም ከተቀራረቡ ቺንጊያው ትንሹን የሚያቅፈው በጥቂቱ ስለሆነ ይንሸራተታል። ከላይ ባለው ምሳሌ ዘንጎቹ 600 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ ቺንጊያው 144 ዲግሪ ያህል ያቅፋል። ከ120 ዲግሪ በታች እንዲወርድ አይፍቀዱ። ቺንጊያውን እጅግ በማጥበቅ ለማካካስ መሞከር የአልተርኔተሩን ኩሽኔታ ከመግደል ሌላ ጥቅም የለውም።

በአልተርኔተሩ ላይ የተጻፈውን አምፔር ሞተሩ ይችለዋል ብሎ ማመን

አልተርኔተሩ ላይ 90 አምፔር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የሞተሩ ጉልበት ግን በዋት ሲቆጠር ሌላ ነው። 1.5 የፈረስ ጉልበት ወደ 1,100 ዋት ሲሆን ለመጠባበቂያ አንድ አምስተኛው ሲተው 880 ይቀራል። ተራ የመኪና አልተርኔተር ከሚቀበለው ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ግማሹን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚገኘው 440 ዋት፣ በ14.4 ቮልት ደግሞ 30 አምፔር ነው። 60 አምፔር ከተጠየቀ ከ1,700 ዋት በላይ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ያቃስታል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። የናፍጣው ከሆነ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ከባህር ጠለል በላይ በከፍታ ቦታ የሚሠራ ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ በስሌቱ ውስጥ ያስገቡት።

ለትንሽ ሞተር ትንሽ አልተርኔተር ይምረጡ፤ ወይም ከውጭ የሚስተካከል ሬጉሌተር (ቮልት ተቆጣጣሪ) አስገብተው የፊልዱን (ማግኔት የሚፈጥረውን መጠምጠሚያ) ኤሌክትሪክ ይቀንሱ። በፊልዱ ሽቦ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም ትንሽ ወጪ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሞተሩ ያለ ጭነት ተነስቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ማብሪያውን ሲያበሩ ጭነቱ ይመጣል። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ሙሉ ጭነት መጣል በተለይ ለፒስተን ቀለበቶች ክፉ ነው።

ማነቃቂያውን መርሳት

አልተርኔተሩ እየዞረ ቮልት ካልሰጠ ተቃጥሏል ብለው አይጣሉት። አብዛኛው አልተርኔተር ለመጀመር ከባትሪው በማስጠንቀቂያ አምፖል በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ባለ 2 ወይም ባለ 3 ዋት ተራ አምፖል ይበቃዋል። በምትኩ ባለ ኤልኢዲ መብራት ከተገጠመ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ስለማይበቃ አልተርኔተሩ ተኝቶ ይቀራል። አምፖሉ ሲቃጠልም እንዲሁ ነው።

ዲናሞ ደግሞ የሚጀምረው በብረቱ ውስጥ በቀረው ማግኔት ነው። ለዓመታት ተቀምጦ ማግኔቱ ከጠፋ የፊልድ ሽቦውን ከሬጉሌተሩ ነቅለው፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ፣ ከባትሪው ማሳ (ከብረት አካሉ ጋር የተያያዘው) ያልሆነውን ጫፍ የፊልዱን ተርሚናል ለአንድ ሁለት ሰከንድ ያስነኩት። ይህ የሚሠራው የፊልዱ ሌላኛው ጫፍ ከዲናሞው አካል ጋር በተያያዘበት ዓይነት ላይ ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተምታታ ዲናሞው ተገልብጦ ይሰጣል፣ ባትሪውንም በተቃራኒው ይገፋዋል። ካት አውት (ዲናሞው ሳይሰጥ ሲቀር ከባትሪው የሚለየው ማቋረጫ) የሌለውን ዲናሞም በቀጥታ ከባትሪ አያገናኙ፦ ሞተሩ ሲቆም ባትሪው ዲናሞውን እንደ ሞተር ለማዞር ይሞክራል፣ ካልቻለም መጠምጠሚያውን ያቃጥላል።

እየዞረ ባትሪውን መንቀል

ሞርሴቶውን (ገመዱን ከባትሪው ጫፍ ጋር የሚያስረውን መያዣ) ሞተሩ እየሠራ አላልተው «ይሞላል ወይስ አይሞላም» የሚለውን መሞከር የቆየ ልማድ ነው። በዲናሞ ዘመን የመጣ ነው፤ አልተርኔተር ላይ ግን ጭነቱ በድንገት ሲቋረጥ ቮልቱ ዘሎ ዳዮዶቹንና ሬጉሌተሩን ይገድላል። ሊቲየም ባትሪ ይህንኑ ጉዳት በራሱ ሊያመጣ ይችላል፣ ምክንያቱም የውስጥ መቆጣጠሪያው ሞልቻለሁ ወይም ሞቄያለሁ ሲል በሩን ይዘጋል። ከጎኑ አንድ የሊድ አሲድ ባትሪ ከአልተርኔተሩ ጋር እንደተያያዘ ማስቀመጥ ያድናል። ሊቲየም የሚሰጠውን ሁሉ ስለሚውጥ አልተርኔተሩን ያለ እረፍት ያሠራዋል፣ በዝቅተኛ ዙር ማራገቢያው ሰነፍ ስለሆነ አልተርኔተሩ ይቃጠላል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ጨርሶ መሞላት የለበትም።

ቀጭን ገመድ

ሬጉሌተሩ የሚለካው ብዙ ጊዜ የራሱን ጫፍ ነው፤ ባትሪው ዘንድ የሚደርሰውን አያውቅም። አልተርኔተሩ ከባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ነው። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ላይ 30 አምፔር ሲሄድ 0.86 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። አልተርኔተሩ 14.4 ሲያሳይ ባትሪው የሚያየው 13.5 ብቻ ይሆናል፤ በዚህ ቮልት ቀኑን ሙሉ ቢውልም በደንብ አይሞላም። 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ጉድለቱ ወደ 0.32፣ በ25 ደግሞ ወደ 0.21 ይወርዳል። አልተርኔተሩ የተለየ የመለኪያ ሽቦ መያዣ ካለው በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ያገናኙት። በፖዘቲቩ ገመድ ላይ፣ ለባትሪው እጅግ በቀረበ ቦታ፣ ለገመዱ ውፍረት የሚመጥን ፊውዝ ይግባ።

በሞተሩ እስከ መጨረሻው ለመሙላት መሞከር

ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ግማሹ ሄዷል እንበል። የሚመከረው የመሙያ አምፔር ከአቅሙ ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ማለትም ከ20 እስከ 40 ነው። በ30 አምፔር ከ50 ወደ 80 በመቶ ለመድረስ ከ2 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ቮልቱ 14.4 ስለሚደርስ ባትሪው የሚቀበለው አምፔር ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የቀረው 20 በመቶ ሌላ 3 ወይም 4 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። መጨረሻ ላይ 6 አምፔር ሲገባ የሚሠራው ሥራ 90 ዋት አይሞላም። ለዚህ 6 የፈረስ ጉልበት ማዞር ነዳጅ ማቃጠል ነው። የናፍጣ ሞተር ለሰዓታት ያለ በቂ ጭነት ሲሠራ ሲሊንደሩ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ በጭስ መውጫውም ጥቁር እርጥበት ይታያል።

ሁልጊዜ 80 ላይ ማቆምም አይበጅም፤ ያልሞላው ክፍል ሰልፌት ሆኖ ይጠጥራል፣ አቅሙም አይመለስም። ጥሩው አካሄድ ከባዱን ድርሻ ለሞተሩ መስጠትና የመጨረሻውን በሶላር ፓነል ወይም በትንሽ ቻርጀር መጨረስ ነው። 14.4 የሚባለውም በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ባትሪው ከዚህ ሲሞቅ በየ1 ዲግሪው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ቮልት ይቀንሱ።

ሞተሩ እንደቆመ ቮልት ለክቶ «ሞልቷል» ማለት

ወዲያው የሚታየው 13 ቮልት የላይ ላይ ነው። ባትሪው ያለ ጭነት ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 ያህል ካሳየ ሞልቷል፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ክዳን ላለው ባትሪ ሃይድሮሜትር የበለጠ እውነት ይናገራል፦ 1.265 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ሙሉ ነው። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በ0.050 ካነሰ እሱ ታሟል። የተጣራ ውሃ የሚጨመረው ከተሞላ በኋላ ነው። ፕሌቶቹ ተጋልጠው ከተገኙ ብቻ አስቀድመው እስኪሸፈኑ ይጨምሩ፣ ምክንያቱም አሲዱ ሲሞላ ከፍ ይላል።

ባትሪውን ከሞተሩ ጋር በአንድ ሠረገላ ላይ ማሰር

ንዝረቱ ፕሌቶቹን ያራግፋል። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ደግሞ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በማግኔቶው (የቤንዚን ሞተሩን ብልጭታ በሚሰጠው ዕቃ) ብልጭታ ይፈነዳል። ባትሪው ከሞተሩ ርቆ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ፤ ሞተሩም ጭሱ ገዳይ ስለሆነ ከቤት ውጭ ይሥራ፣ ቺንጊያው ይከለል።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ የፊልዱን ማብሪያ ያጥፉ፣ ሞተሩ ያለ ጭነት 5 ደቂቃ ይዙር፣ ከዚያ ነዳጁን ይዝጉ። አዲስ ቺንጊያ በመጀመሪያው ሰዓት ስለሚላላ ሲቆም ውጥረቱን ይፈትሹ።